ጨዋ ልጅ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ፍቅርአዲስ ግን የዚያን ዕለት ጠዋት በልጇ ላይ የተፈረደውን ፍርድ በገዛ ጆሮዋ ሰማች። ፈራጁም ባዳ አይደለም፤ ታናሽ ወንድሟ ፊሊጶስ ነው፣ እዚያው ሮቤ ኮሌጅ የሚያስተምረው። የግቢውን በር ገፍታ ገብታ፣ የሳሎኑን ልታንኳኳ እጇን እንዳነሳች ገርበብ ካለው መስኮት ድምፁ መጣ። ቁርሱን እየበላ ለሚስቱ ለሀይሚ ያስረዳል። «እህቴ ናት፣ አዝንላታለሁ። ልጅቷ ግን አንዴ አልቆላታል። በሕፃንነቱ በችግርና በጭንቀት የተጎዳ አእምሮ አይመለስም። የጎባው ሥልጠና ላይ የሁለት ልጆች አንጎል ፎቶ አሳይተውናል፤ የድሃው ልጅ አንጎል ይህችን ታህላለች» አለ። በእጁ ምን ያህል አድርጎ እንዳሳየ ፍቅርአዲስ አላየችም። ልጅቷ ግን አጠገቧ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

ኪያ ሰባት ዓመቷን ይዛለች፤ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ቀና ብላ እናቷን አየቻት እንጂ ምንም አላለችም። ኪያ ምንም አትልም፤ የምትለው ካላትም የእናቷን ቀሚስ ጎተት አድርጋ፣ ጎንበስ ስትልላት በሹክሹክታ ትነግራታለች። ፍቅርአዲስ ደሟ ፈላ። የልጇን እጅ ይዛ፣ የግቢውን በር ድርግም አድርጋ ብትሄድ ደስ ባላት፤ ግን ዛሬ ሰው ያስፈልጋታል። የኪያ መምህርት ትናንት «ነገ ከቤተሰብ አንድ ሰው ይዘሽ ነይ፣ ስለ ልጅቷ የምንወስነው ነገር አለ» ብላታለች፤ እሷ ደግሞ ሮቤ ውስጥ ከፊሊጶስ በቀር ቤተሰብ የምትለው የላትም። የኪያ አባት ቀነዓ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ አንድ ቀን ወደ ነጌሌ እንደወጣ እዚያው ቀረ። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብላ በሩን አንኳኳች።

የወንድሟ ሳሎን ሞቅ ያለ ነው። ፕላስቲኩ ያልተገፈፈለት ሶፋ፣ የግድግዳውን ግማሽ የያዘ ቴሌቪዥን፣ ጥግ ላይ ደግሞ በማዳበሪያ የቆመ ሽንኩርት። ሀይሚ ከጅማ መጥታ እዚህ የተመደበች ነርስ ናት፤ ደግ ሴት ናት፣ አፏም አያርፍም። እንግዳ ገና ሳይቀመጥ ሻይ ቀዳች፣ ዳቦ ቆረሰች፣ እንቁላል አንዱ ሃያ ብር መግባቱን፣ የሮቤ ነፋስ አንሶላዋን ከገመድ ላይ ነቅሎ ጎረቤት ጣራ ላይ መስቀሉን፣ ሽንኩርቱን ደግሞ ፊሊጶስ ከሥልጠናው ሲመለስ ከጎባ ገበያ ገዝቶት መምጣቱን አወራች። «በመጨረሻው ቀን አበሉን ፈርሞ ከምሳ በፊት ውልቅ! ማን እስከ ማታ ይጎለታል አለኝ» ብላ ሳቀች። ፊሊጶስ ሻዩን አማሰለ። አበል ፈርሞ ከሥልጠና መውጣት በአገሩ ነውር አይደለምና ነገሩን ያነሣው አልነበረም። ኪያ ሶፋው ጠርዝ ላይ እጆቿን ጭኖቿ መሃል ቀብራ ተቀምጣለች። እናቷ በዓይኗ እስክትፈቅድላት ዳቦውን አልነካችም፤ ከነካችም በኋላ ስታኝክ አይሰማም። ሀይሚ አገጯን ደግፋ አየቻትና እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ ከየት ይገኛል አለች። ፊሊጶስና ፍቅርአዲስ አልተያዩም።

ጨዋ። ይህን ቃል ፍቅርአዲስ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች፣ ስንት ጊዜስ ኮርታበታለች! ቤተ ክርስቲያን ጨዋ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጨዋ፣ ውሃ ወረፋ ላይ ደግሞ «እንዴት አድርገሽ ብታሳድጊያት ነው?» እንዴት እንዳሳደገቻት ለማንም ተናግራ አታውቅም። ልጅ ላለው ሰው የኪራይ ቤት ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ያውም ባል ለሌላት፣ ያውም ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የጆንያ አፍ ለምትሰፋ ሴት። ከአራት ዓመት በፊት ደላላው በየግቢው ሲያዞራት ከየበሩ የሚወጣው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ልጅ አላት? በመጨረሻ እትዬ ሸዋርጋ በር ላይ ደረሱ። የእትዬ ሸዋርጋን ባል ጋሼ ገብረ ሥላሴን ስትሮክ ጥሏቸው፣ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ፣ ዋናው ቤት ውስጥ ተኝተው ነበር። ሐኪሙ ጫጫታ እንዳይሰሙ፣ እንዳይደነግጡ ብሏል። እትዬ ሸዋርጋ ነገሩን አላድበሰበሱም፤ ከሰርቪሱ አንዷን ክፍል ልስጥሽ፣ ልጅሽንም ይዘሽ ግቢ፣ ድምፅ የሰማሁ ዕለት ግን ትወጫለሽ አሉ። ፊሊጶስም መጥቶ እናትም ልጅም ጨዋ ናቸው ብሎ ዋስ ሆነ። ኪያ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር። አፏን ቀድማ የፈታች፣ ወሬዋ ማለቂያ የሌለው፣ ዶሮ ሲያልፍ እንኳ ጠርታ የምታናግር ልጅ ነበረች።

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። ሌላዋ እናት ፊደል ስታስቆጥር ፍቅርአዲስ ለልጇ ዝምታ አስተማረቻት። መጀመሪያ እንደ ጨዋታ ነበር፣ ቀድሞ የተናገረ ይሸነፋል ዓይነት። ኋላ ጨዋታነቱ ቀረ። ቤት ውስጥ ካልሲ እንጂ ጫማ የለም። ሳቅ ትራስ ውስጥ ነው፣ ሳል ጋቢ ውስጥ ነው። የድስት ክዳን ከእጇ ያመለጣት ዕለት እናትና ልጅ ተቃቅፈው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ የዋናው ቤት በር ይከፈት ይሆን እያሉ ቆዩ፤ በሩ አልተከፈተም፣ የኪያ ሽንት ግን አምልጧት ነበር። እናቷ ሥራ ስትሄድ ከውጭ ቆልፋባት ነው የምትሄደው። ምሳዋ በሶ በስኳር ነው፤ ስኳር ሲወደድ ደግሞ በሶ ብቻ። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ኮቴ ታዳምጣለች፤ ይህ የእትዬ ሸዋርጋ ነው፣ ይህ የውሃ ቀጂው ነው፣ ይህ የእማዬ ነው። የሚያጫውታት፣ ይህ ምንድን ነው ያ ምንድን ነው ስትል የሚመልስላት ሰው አልነበራትም። ማታ እናቷ ስትመጣም ዱቄት የጠጣ ጉሮሮዋ ደክሞ፣ እሷም ዝም ነበር የምትለው። አሁን እንግዲህ አንጎሏ ይህችን ታህላለች ተባለ። ታህል እንጂ! ማን እንዳሳነሳት ግን ወንድምየው አልጠየቀም።

ትምህርት ቤቱ ድረስ በባጃጅ ሄዱ። እህትና ወንድም በመንገዱ ሁሉ ስለ ብርዱ ብቻ አወሩ። ነጂው ጨዋታ ወዳድ ነገር ነውና በመስታወቱ ኪያን አየት አድርጎ በኦሮምኛ «መቃን ኬ ኤኙ?» ብሎ ስሟን ጠየቃት። የኪያ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ የወጣ ነገር ግን የለም። ነጂው አትናገርም እንዴ ብሎ እናቷን ሲጠይቅ ፊሊጶስ ቀደም ብሎ «ታፍራለች» አለና ወደ ውጭ ያይ ጀመር። ፍቅርአዲስ ኪያ በሁለቱም ቋንቋ ስሟን አሳምራ እንደምትናገር ታውቃለች። ኦሮምኛውን ማንም አላስተማራትም፤ በቆርቆሮው አጥር በኩል ከጎረቤት ልጆች ጨዋታ ለቃቅማ ነው የያዘችው። ይህን ለባጃጁ ነጂ መንገር ፈልጋ ነበር፣ ተወችው።

መምህርት እኅተማርያም ከወገቧ ቀጠን፣ ከድምጿ ወፈር ያለች ሴት ናት። ጽሕፈት ቤት የለም፤ የተቀበለቻቸው የተሰበሩ ዴስኮች የተከመሩበት ክፍል ጥግ ላይ ነው። ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል፣ ኪያም በተንኳኳ ቁጥር ትንቀጠቀጣለች። መምህርቷ የምታውቀውን ተናገረች፤ ልጅቷ ስሟ ሲጠራ አትመልስም፣ በር ድንገት ሲዘጋ ዴስክ ሥር ትገባለች፣ ትናንት ያወቀችውን ፊደል ዛሬ ትረሳዋለች፣ ዓይኗ ሰሌዳው ላይ ሳይሆን ሁልጊዜ በሩ ላይ ነው። ወደ ዜሮ ክፍል ከትንንሾቹ ጋር ብትመለስስ ብለን ነበር አለች። ፊሊጶስ ይህን ሲጠብቅ የቆየ ይመስላል። ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ አንጎል፣ ጭንቀት ሲበዛ ሰውነት ስለሚያመነጨው ነገር፣ ስለ መጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ስለ ሁለቱ ፎቶዎች አብራራ። ዜሮ ክፍልም ቢሆን ጊዜ ማባከን ነው፣ ሳይንሱ ያለቀለት ነገር ነው አለ። ልጅቷ መሃላቸው ቆማ እሱን እያየች ነበር።

መምህርቷ በአክብሮት አዳመጠችው። ከዚያ፦

«እኔም እዚያው ሥልጠና ላይ ነበርሁ፣ መምህር» አለችው። «የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ አልነበሩም መሰለኝ።»

ፍቅርአዲስ ሽንኩርቱ ትዝ አላት።

«ከሰዓት በኋላ የተባለው ሌላ ነው። አእምሮ በችግር ይጎዳል፣ እውነት ነው፤ ግን ይጠገናል ነው ያሉት። ሙሉ በሙሉ እንደነበረ ይሆናል አላሉም። የሚያወራት፣ የሚያጫውታት፣ የማያስደነግጣት ቤት ካገኘች ግን ይጠገናል። ገና ልጅ ናት እኮ።» ይህን ብላ ወደ ፍቅርአዲስ ዞረች። «እኔ ከስልሳ በላይ ልጅ ነው ያለኝ፣ እህቴ፤ ብቻዬን አልችላትም። እቤት እንዴት ናት? ትጮኻለች? ትዘፍናለች?»

«እኛ ቤት አይጮህም» አለች ፍቅርአዲስ። ልማድ ሆኖባት በኩራት ነበር የተናገረችው። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ግን ራሷ ሰማችው። መምህርቷ ድምጿን ካልሰማሁ ምን እንደምታውቅ በምን አውቃለሁ አለች። ሰኞ መጥታ አንድ ነገር፣ የፈለገችውን ይሁን፣ ጮክ ብላ ከነገረችኝ እዚሁ እኔ ጋ ትቆያለች፤ ካልሆነ ወደ ዜሮ ክፍል ነው። ፍቅርአዲስ እሺ አለች፤ እንዴት አድርጋ እንደምታናግራት ግን አላወቀችም።

ከበሩ እንደወጡ ፊሊጶስ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆለፈና የእሱን ውሳኔ አወጣ። ለካ ነገሩን ሲሠራው ነው የሰነበተው። ዲንሾ ላሉት አክስታቸው፣ ለእማማ ሠርከአዲስ፣ ደውሎላቸዋል። ከብት አላቸው፣ ገብስ አላቸው፣ ልጅ የላቸውም፤ ኪያን ይወስዷታል። እዚያ ወተት ጠጥታ፣ ጥጃ ጠብቃ፣ በማይሆንላት ትምህርት ሳትሰቃይ ታድጋለች። አንቺም ቀለል ይልሻል አላት። ዛሬ ለገበያ ሮቤ ወርደዋል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ይጠብቁናል፣ ልብሷን ቋጥሪላት አለ። ይህን ሁሉ ሲናገር ድምፁ ለስላሳ ነበር። ፊሊጶስ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ለፍቅርአዲስ ይቀላት ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ በዕድሜዋ ሁሉ እሱ ሲናገር እሷ ሰምታ ነው የኖረችው። ዛሬም ሰማች። ሰምታ ስትጨርስ ግን እግሯ አልንቀሳቀስ አለ።

«ፊሊ፣ አንተ የት ነው ያደግኸው?» አለችው።

ምን ማለትሽ ነው በሚል ዓይን አያት።

«እኔ ያደግሁበት ቤት ነው። አባታችን ሰክሮ በር የሚሰብርበት ቤት። አልጋ ሥር አፍህን ይዤ የምደብቅህ እኔ ነበርሁ። ከእኔ በምን ተለየህ? እንቁላሉ ለአንተ፣ ኩራዙ ለአንተ፣ ጸጥታው ለአንተ። ‹ዝም በይ፣ ፊሊጶስ ያጠናል› እየተባልሁ ነው ከስድስተኛ የቀረሁት። የአንተ አእምሮ ከዚያ ቤት የወጣው ሰው ስለታገለለት ነው። ለልጄ ደግሞ እኔ እታገላለሁ። ለጥጃ አልሰጣትም።»

«ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሰው ይሰማል» አላት ፊሊጶስ፣ ግራና ቀኝ እያየ።

«ይስማ።»

ፊሊጶስ ፊቱ ቀላ። አክስቴን ከዲንሾ አምጥቼ ላዋርድ ነው ወይ፣ እንግዲያው ነገ ከዚያ ቤት ብትባረሪ ዋስ ሁነኝ ብለሽ እንዳትመጪ ብሎ ባጃጅ አስቆመ። ባጃጁ ሲርቅ ፍቅርአዲስ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ወንድሟን ትወደዋለች። እንዲህ ተናግራው ግን አታውቅም። ኪያ ቀሚሷን ጎተት አድርጋ በጆሮዋ «እማ፣ ጥጃ ይነክሳል?» አለቻት። እናቷ ሳቋ መጣ፣ እንባዋም አብሮ መጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መናኸሪያ አልሄዱም። ፋብሪካ ያለውን ፈረቃዋን ለጓደኛዋ አስይዛ ነበርና ቀኑ የእሷ ነው። ልጇን ይዛ በተቃራኒው፣ ቤት እየሳሳ ስንዴ ወደሚጀምርበት ወደ ከተማው ዳር ወጣች። ወሩ ኅዳር ነው፣ ከተማውን የከበበው ማሳ ሁሉ ደርሷል፤ ራቅ ብሎ ኮምባይነር አቧራውን እያስነሣ ያጭዳል። ስልኳ ጮኸ፣ ፊሊጶስ ነው። ዝም አለችው። እንደገና ጮኸ፣ እማማ ሠርከአዲስ ናቸው። አክስቷን ማሳፈሯ ከነከናት፤ ነገ ደውላ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ዛሬ ግን አታነሣውም። ከታጨደው ማሳ መሃል ልጇን አቁማ ጩኺ አለቻት። ኪያ ዞር ብላ በር ፈለገች። በር የለም፤ ገለባ፣ ሰማይና የሰው ፈረስ ብቻ ነው ያለው። የፈለግሽውን በይ፣ ማንም አይቆጣሽም አለቻት። ኪያ አፏን ከፈተች፣ አንገቷ ሥር ጅማቷ ተገተረ፣ የወጣው ግን ያው ሹክሹክታ ነው። ደግማ ሞከረች። ሦስተኛ ጊዜ ላይ በሁለት እጇ አፏን ያዘችና ማልቀስ ጀመረች፤ ለቅሶዋም ድምፅ አልነበረውም።

እንግዲህ ላሳይሽ አለች እናቷ። እግሯን ገተረች፣ ነጠላዋን አጠበቀች፣ አፏን ከፈተች፤ አንድ የሰለለ ነገር ብቻ ወጣ። ደነገጠች። የእሷም ጠፍቷል! መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የጮኸችው? ኪያን ስትወልድ እንኳ አዋላጇ ድምፅ የላትም፣ ጎበዝ ናት ብላ አመስግናታለች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያለች ያሳደገቻትን እናቷን አስታወሰች፤ ነፍሷን ይማርና፣ ዝንብም ባይገባ እህልም አልገባበት አለች በልቧ። ለልጇ ያወረሰችው ይህንኑ ነው። በዚህ መሃል ኮምባይነሩ የማሳውን ጫፍ ዞሮ ወደ እነሱ መጣ። ሲቀርብ ምድሩ አጓራ፣ ሌላ ምንም የማይሰማ ሆነ። ፍቅርአዲስ ማንም እንደማይሰማት ሲገባት ያን ጊዜ ጮኸች። ምን እንዳለች እሷም አታውቀውም፤ የአባቷን ስም ጠርታለች፣ የቀነዓን ጠርታለች፣ ስድብም አለበት። ኪያ የእናቷን አፍ አየች፣ ጅማቷን አየች፣ ቀልታ ስትስቅ አየቻት። ከዚያ እሷም ዓይኗን ጨፍና አፏን በረገደችው። ኮምባይነሩ አልፎ ሲሄድ፣ ጩኸቱ እየሳሳ እየሳሳ ሲመጣ፣ ከሥሩ ሌላ ድምፅ ቀረ፤ ቀጭን፣ ሻካራ፣ የማይቋረጥ። «ሸዋርጋ ቁጡ! ሸዋርጋ ቁጡ!» ትላለች ኪያ፣ እትዬ የሚለውን እንኳ ሳትጨምር።

ድምጿ ብቻውን እንደቀረ ሲገባት ደነገጠችና ዓይኗን ገለጠች። ማንም አልመጣም። እናቷ ገለባው ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ኪያ ትንሽ አሰበችና እንደገና ጮኸች፤ ራበኝ አለች፣ ሽንቴ መጣ አለች፣ በሩን አትቆልፊብኝ አለች። ይህችኛዋን ስትሰማ ፍቅርአዲስ ሳቋ ቆመ። ልጇን ጎትታ አቀፈቻት፤ አልቆልፍብሽም፣ ከዛሬ ጀምሮ አልቆልፍብሽም አለቻት። ልጇን ማን እንደሚይዝላት፣ ሥራዋን እንዴት እንደምታደርግ አላወቀችም፤ ብቻ ማለችላት። ወደ ቤት ሲመለሱ ኪያ የአራት ዓመቱን ጥያቄ አንድ ላይ ጠየቀች። ይህ ምንድን ነው፣ ያ የማን ነው፣ ፈረሱ ለምን ጫማ የለውም፣ የእኔ አንጎል ለምን ትንሽ ሆነ? ፍቅርአዲስ ሁሉንም መለሰች። የመጨረሻውን ስትመልስ ቆም ብላ ነው፤ ትንሽ አይደለም፣ ብዙ ስለፈራሽ ደክሞት ነው፣ አሁን እናበረታዋለን አለቻት።

ግቢው ደጅ ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ፍቅርአዲስ እዚህ ስትደርስ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ማድረግ ልማዷ ነው፤ ዛሬ እጇን ኪሷ ከተተችው። ገቡ። የኪያ ጫማ ሲሚንቶው ላይ ቀጭ ቀጭ አለ። «እማ፣ ኮምባይነሩ ማታ የት ነው የሚያድረው?» አለች ኪያ፣ ማሳው ላይ በለመደችው ድምፅ። ግቢው በሙሉ ሰማው። የዋናው ቤት በር ተከፈተና እትዬ ሸዋርጋ ነጠላቸውን እየጎተቱ ወጡ፤ እግራቸው ላይ ወፍራም ካልሲ እንጂ ጫማ አልነበረም። የፍቅርአዲስ እጅ ሳታዘው ከኪሷ ወጥቶ የልጇ አፍ ላይ ደረሰ። መዳፏ ውስጥ የልጅቷ ትንፋሽ ሞቀ። እጇን መልሳ አወረደችው።

«ምን ሰማሁ?» አሉ እትዬ ሸዋርጋ፣ በሹክሹክታ።

«ልጄን ነው የሰሙት፣ እትዬ።»

«ውላችን ምን ነበር?»

«ድምፅ የሰማሁ ዕለት ትወጫለሽ ነው ያሉኝ። አሁን ሰምተዋል። ቤት እስካገኝ ብቻ ይታገሡኝ፣ እወጣለሁ። እስክወጣ ድረስ ግን ትናገራለች።»

እትዬ ሸዋርጋ እንዲህ ዓይነት መልስ ከዚህች ሴት አልጠበቁም። ወደ በሩ ዘወር ብለው አዩ፣ እጃቸውን አርገበገቡ፤ ሰውዬዬን ልትገድይብኝ ነው ወይ፣ እኔስ ብሆን በገዛ ቤቴ በካልሲ የምሄድ አይደለሁም ወይ፣ አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አውቃለሁ ወይ አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ፍቅርአዲስ አዘነችላቸው፤ የእሳቸውም ጉሮሮ እንደሷ ጉሮሮ መሆኑን ዛሬ ነው ያየችው። ቢሆንም አልተመለሰችም። አዝንልዎታለሁ፣ እግዜር ይማራቸው፣ ልጄን ግን ለማንም ሕመም መድኃኒት አላደርጋትም አለቻቸው። እትዬ ሸዋርጋ በወሩ መጨረሻ ቁልፌን ታስረክቢያለሽ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ከውስጥ ድምፅ መጣ። የወንድ ድምፅ ነው፣ ግማሽ ምላስ የሚናገረው፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተተ። ፍቅርአዲስ በዚህ ግቢ ስትኖር ይህን ድምፅ ሰምታው አታውቅም።

«ሸዋዬ... የማን ልጅ ነው? እዚህ ግቢ... ልጅ አለ እንዴ?»

ሁለቱም ሴቶች ባሉበት ደረቁ። አራት ዓመት፣ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ጣራ ሥር ማለት ይቻላል፤ ሰውየው አያውቁም። እትዬ ሸዋርጋ የባላቸውን ድምፅ እንዲህ ጠርቶ የሰሙት መቼ እንደሆነ ማን ያውቃል፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቀሩ። ኪያ ግን የሁለቱንም ፊት አልጠበቀችም። በመሃላቸው አልፋ፣ ጫማዋን ሲሚንቶው ላይ እያንቀጫቀጨች፣ መብራት ወደሚታይበት መስኮት ሄደችና ሥሩ ቆመች።

«አለሁ!» አለች።